ትዝታና ደስታ በቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ሕይወት

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጣቸው ጸጋዎች አንዱ፥ ያለፈውን ነገር በልቡ መዝገብ አኑሮ በፈለገ ጊዜ አውጥቶ ለመመልከት መቻሉ ነው። በዚህ ጸጋ እናት የልጅዋን የመጀመሪያ ሣቅ ታስባለች፤ ሽማግሌ የወጣትነቱን መንገድ መለስ ብሎ ይመለከታል፤ ቤተ ክርስቲያንም የአምላክዋን ሞትና ትንሣኤ ዘወትር ትዘክራለች። ዳሩ ግን ይኸው ጸጋ ለብዙዎች የሐዘን ምንጭ ሲሆን እናያለን። አንዱ ከሃያ ዓመት በፊት የሰማውን ስድብ ዛሬ እንደ ሰማው ቈጥሮ እንቅልፍ ያጣል። ሌላው ያለፈውን ድሎቱን እያሰበ በእጁ ያለውን እንጀራ ይንቃል። ሦስተኛውም ለሰው ያደረገውን ውለታ ሲቈጥር ውሎ፥ ብድሩን የሚመልስለት በማጣቱ ተማርሮ ያድራል።

አበው የወጋ ቢረሳ የተወጋ እንደማይረሳ ያስተምሩናል። ስለ ሰው ጠባይ የሚመራመሩ የዘመናችን ሊቃውንትም፥ ክፉ ነገር ከደግ ነገር ይልቅ በአሳብ ላይ አጥብቆ እንደሚታተም ይመሰክራሉ። እንግዲህ በደስታ ለመኖር የሚሻ ሰው ምን ያድርግ? ክፉውን ሁሉ ረስቶ ደጉን ብቻ ያስብን? ወይስ ሁለቱንም ረስቶ የዕለቱን ብቻ ይኑር? ለዚህ ጥያቄ መልሱን በክርክር ከመፈለግ ይልቅ በአንድ ታላቅ አባት ሕይወት ውስጥ ብንፈልገው ይሻላል ብለን ስላሰብን፥ የቍስጥንጥንያውን ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅን ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

፩፤ የእናቱ ትዝታ

ቅዱስ ዮሐንስ በ347 ዓ.ም. ገደማ በሶርያ ታላቅ ከተማ በአንጾኪያ ተወለደ። አባቱ ሴኩንዱስ በሶርያ የጦር አለቃ ዘንድ ያገለግል የነበረ ባለማዕርግ ሲሆን፥ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በዚያን ጊዜ ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ያህል ነበረ። ሁለተኛ ባል ሳታገባ ልጅዋን በክርስቲያናዊ ምግባር አሳደገችው። ለትምህርትም በደረሰ ጊዜ፥ በንግግር ጥበብ በዘመኑ እጅግ ስመ ጥሩ ወደ ነበረው ወደ ሊባንዮስ ሰደደችው። አረማዊ የነበረው መምህሩ እናቱ አርባ ዓመት እንደ ሆናትና ሃያውን ዓመት በመበለትነት እንዳሳለፈች በሰማ ጊዜ፥ የክርስቲያን ሴቶችን ጽናት በጉባኤ መካከል እንዳደነቀ ዮሐንስ ራሱ ጽፎልናል።

ዮሐንስ ትምህርቱን ፈጽሞ በሜሌጥዮስ እጅ ከተጠመቀ በኋላ፥ ከባልንጀራው ጋር ዓለምን ትቶ ሊመንን አሰበ። አንቱሳ ይህን ባወቀች ጊዜ እጁን ይዛ ወደ እልፍኝዋ አገባችው፤ እርሱን በወለደችበት አልጋ አጠገብ አስቀምጣውም እያለቀሰች ያለፈውን ሁሉ ተረከችለት። በወጣትነትዋ የወረደባትን የመበለትነት ማዕበል፥ የአገልጋዮችን ስንፍና፥ የዘመዶችን ተንኰል፥ የግብር ሰብሳቢዎችን ጭካኔ ነገረችው። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ያጽናናት ግን የሞተውን ባልዋን መልክ በልጅዋ ፊት ላይ ማየትዋ እንደ ነበረ አስረዳችው። ከዚያም ይህን የምትነግረው ልትወቅሰው እንዳልሆነ ገልጣ፥ እርስዋ እስክትሞት ድረስ እንዲታገሣት፥ ሁለተኛም መበለት እንዳያደርጋት ለመነችው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አንቱሳ ክፉውን ዘመን አልረሳችውም፤ አንዱንም ሳታስቀር አንድ በአንድ ቈጥራዋለች። ነገር ግን ከክፉው ጋር መጽናኛውንም አብራ አስባዋለች። ዮሐንስ ይህን ንግግር ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አኑሮታል። ልጁ ከእናቱ የወረሰው ትልቁ ሀብት ወርቅና መሬት አልነበረም፤ መከራንና መጽናናትን በአንድነት የማሰብ ልማድ ነበረ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም።

ከጊዜ በኋላ ዮሐንስ ወደ ተራራ ወጥቶ አራት ዓመት ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ጋር፥ ሁለት ዓመትም ብቻውን በዋሻ ተቀመጠ። በዋሻው ውስጥ እንቅልፍን ከልክሎ ቅዱሳት መጻሕፍትን በቃሉ ያጠና ነበር። ብርዱና ጾሙ ሆዱንና ኵላሊቱን ስለ ጐዱት ወደ ከተማ ተመለሰ፤ ሕመሙም እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። በ381 ዓ.ም. ዲቁና፥ በ386 ዓ.ም. በኤጲስ ቆጶሱ በፍላብያኖስ እጅ ቅስና ተቀበለ።

፪፤ ከተማዪቱ የፈራችበት ጊዜ

ቅስና በተቀበለ በማግሥቱ ዓመት፥ በ387 ዓ.ም.፥ በአንጾኪያ ታላቅ ሁከት ተነሣ። ሕዝቡ አዲስ ግብር ስለ ተጣለበት ተቈጥቶ የንጉሡን የቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ከቆሙበት አፍርሶ በመንገድ ጐተታቸው። በማዕከላቸውም የሞተችው የንግሥቲቱ የፍላቂላ ሐውልት ነበረ። ቍጣው ሲበርድ ፍርሃት ተተካ። ሹማምንት ብዙዎችን ገደሉ፤ የከተማዪቱ መኳንንት ታሰሩ፤ መታጠቢያ ቤቶችና የትርኢት አደባባዮች ተዘጉ፤ ሰዎችም ቤታቸውን እየተዉ ወደ በረሃ ሸሹ። ሽማግሌው ፍላብያኖስ አንዲት እኅቱ ለሞት ስታጣጥር ትቶአት፥ ንጉሡን ለመማለድ በክረምት ወደ ቍስጥንጥንያ ገሠገሠ። ዮሐንስም በዐቢይ ጾም ቀኖች በመንበሩ ላይ ቆሞ የተሸበረውን ሕዝብ በትምህርቱ አጽናና። በዚያ ወራት የሰበካቸው ስብከቶች ስለ ሐውልቶቹ የተነገሩ ድርሳናት ተብለው እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

ፋሲካ ሲደርስ ፍላብያኖስ የምሕረት ቃል ይዞ ተመለሰ። ከተማዪቱ በአበባ አጌጠች፤ መብራትም በየደጁ ተቃጠለ። ዮሐንስ በዚያን ዕለት ያስተማረው ትምህርት ከጕዳያችን ጋር እጅግ የተያያዘ ነው። እንኳን ከክፉው ቀን ወጣችሁ፥ እንግዲህ እርሱት፥ አላለም። ይልቁንም እግዚአብሔርን ስለ ነጻነታቸው ብቻ ሳይሆን መከራው እንዲደርስባቸው ስለ ፈቀደም ያመሰግኑት ዘንድ፥ ነገሩንም ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ይተርኩት ዘንድ አዘዛቸው። ምክንያቱም ፍርሃቱን የረሳ ሕዝብ የምሕረቱን ዋጋ ሊያውቅ አይችልም። በክረምት ያልተንቀጠቀጠ ሰው የፀሐይን ሙቀት እንደማያመሰግን ሁሉ፥ የመከራው ትዝታ ከጠፋ የደስታውም ትዝታ ፍሬ ነገሩን ያጣል።

፫፤ አራቱ ትዝታዎች

ቅዱስ ዮሐንስ በአንጾኪያ አሥራ ሁለት ዓመት ያህል አስተማረ። በዚያ ዘመን ከሰጠው ትምህርት ስለ ትዝታ የሚነገረውን ብንሰበስብ፥ በአራት ክፍል ልናየው እንችላለን።

መጀመሪያው ለሌላ ያደረግነው በጎ ሥራ ነው። ይህን እንድንረሳው ይመክራል። በጎ ሥራውን የሚቈጥር ሰው እንደ ፈሪሳዊው ይታበያልና፤ እርሱ የረሳውን ግን እግዚአብሔር ያስብለታል። ሁለተኛው የራሳችን ኃጢአት ነው። ይህን እንድናስበው ይመክራል፤ የራሱን ዕዳ የሚያስብ በባልንጀራው ላይ አይጨክንምና። ሦስተኛው ሌላው የበደለን በደል ነው። ይህን እንድንረሳው ይመክራል። ለዚህም እልፍ መክሊት የተማረውን፥ ነገር ግን መቶ ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን ይዞ ያነቀውን አገልጋይ ምሳሌ አድርጎ ያቀርብልናል። ያ ሰው የጠፋው የተማረውን ረስቶ ያበደረውን በማሰቡ ነው። አራተኛው እግዚአብሔርና ሰው ያደረጉልን ቸርነት ነው። ይህን ዘወትር እንድናስበው ይመክራል።

ስለ ሀብታሙና ስለ አልዓዛር በሰበከ ጊዜም የትዝታን ሌላ ገጽ አሳይቶናል። አብርሃም ለሀብታሙ ካዘዘው ነገር አንዱ በሕይወቱ ሳለ የተቀበለውን መልካም ነገር እንዲያስብ ነበረ። እነሆ፥ ያለፈ ተድላ ሁሉ ሲታሰብ ደስታን የሚሰጥ አይደለም። ያ ሰው ማዕዱን ለብቻው በልቶታልና፥ የማዕዱ ትዝታ እሳት ሆነበት። አልዓዛር ግን ቍስሉን ሲያስብ በአብርሃም እቅፍ ሆኖ ነው። ስለዚህ ትዝታ ጣፋጭ ወይም መራራ የሚሆነው ባለፈው ነገር ብቻ አይደለም፤ ያን ነገር በምን ልብ እንዳለፍነውና ዛሬ በምን ስፍራ ቆመን እንደምናየው ነው።

አንድ አንባቢ ግን እዚህ ላይ ሊጠይቀን ይችላል። ይህ ትምህርት በሰላም መንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው ይቀላል፤ መከራው በራሱ ላይ በመጣ ጊዜስ ያስተማረውን ጠብቆ ይሆን? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የሚሰጠን የቀረው ሕይወቱ ነው።

፬፤ ከመንበር ወደ ስደት

በ397 ዓ.ም. የቍስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳሳት ንክታርዮስ ዐረፈ። የቤተ መንግሥት ሹማምንት ዮሐንስን ከአንጾኪያ በስውር ወስደው፥ በየካቲት 398 ዓ.ም. በመንበሩ ላይ አስቀመጡት። እርሱም የሊቀ ጳጳሳቱን ቤት ጌጥ ሸጦ ለድኆችና ለሕሙማን ማረፊያ አዋለው፤ ግብዣን ተወ፤ ባለጠጎችንም ስለ ቅንጦታቸው ያለ ፍርሃት ገሠጸ። ከዚህም የተነሣ ጠላቶቹ በዙ። በ403 ዓ.ም. በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቴዎፍሎስ መሪነት በተሰበሰበ ጉባኤ ከመንበሩ እንዲወርድ ተፈረደበት፤ ወዲያው ቢመለስም ከንግሥቲቱ ከአውዶክስያ ጋር የነበረው ሰላም አልጸናም። በ404 ዓ.ም. በፋሲካ ሌሊት ወታደሮች ገብተው ተጠማቂዎቹን ከጥምቀቱ ስፍራ በተኑአቸው። በሰኔ ወር ዮሐንስ ከከተማው ወጣ፤ በዚያው ሌሊት ታላቁ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተቃጠለ።

የተሰደደበት ስፍራ በአርመን ተራሮች መካከል ያለች ኩኩሶስ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ሰባ ቀን ያህል የፈጀው መንገድ ለታመመ ሽማግሌ ሞት ነበረ። በቀጰዶቅያ ቂሣርያ በንዳድ ተይዞ ሳለ፥ የመነኮሳት ጭፍራ ያለበትን ቤት ከብቦ ከከተማው እንዲወጣ አስገደደው። ሰሌውቅያ የምትባል ደግ ሴት በገጠር ቤትዋ ብትቀበለው፥ በእርስዋም ላይ ዛቻ ስለ በዛ በጨለማ ሌሊት ተነሥቶ ጕዞውን ቀጠለ። በኩኩሶስም ክረምቱ እጅግ የበረታ ነበረ፤ ከዚያ በላይ ኢሳውርያን የሚባሉ ሽፍቶች አገሩን ያጠፉ ስለ ነበር፥ አንድ ጊዜ ሸሽቶ ወደ አራቢሶስ ምሽግ ገባ።

፭፤ ለኦሎምፒያስ የጻፋቸው መልእክታት

ከስደት የጻፋቸው 240 ያህል መልእክታት ደርሰውናል። ከእነዚህ 17ቱ የተጻፉት ለዲያቆናዊቱ ለኦሎምፒያስ ነው። እርስዋ የቍስጥንጥንያ ታላቅ ቤት ልጅ ስትሆን፥ ባልዋ ኔብሪድዮስ ከጋብቻቸው ጥቂት ቈይቶ ስለ ሞተ፥ ንጉሡ ከዘመዱ ጋር ሊያጋባት ቢፈልግም እንቢ ብላ ሀብትዋን ለድኆችና ለቤተ ክርስቲያን ሰጠች። ዮሐንስ ከተሰደደ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጥለሻል ተብላ ተከሰሰች፤ ገንዘብ እንድትከፍል ተፈረደባት፤ ከከተማውም ወጣች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን የበረታባት የልብ ሐዘን ነበረ። ያለፈውን ክፉ ነገር ቀንና ሌሊት እያሰበች ሰውነትዋ ደከመ።

ቅዱስ ዮሐንስ ይህን ሐዘን እንደ ቀላል ነገር አላየውም። ለነፍስ ከሚደርስባት መከራ ሁሉ የጠና መሆኑን፥ ከሞትም እንደሚከብድ ጻፈላት፤ ነቢዩ ኤልያስም ከኀዘን ብዛት የተነሣ ሞትን እንደ ለመነ አስታወሳት። ይህን ካለ በኋላ ግን ባልጠበቅነው መንገድ ይሄዳል። በአንጾኪያ መንበር ላይ ሆኖ በጎ ሥራን መርሳት ይገባል ያለው መምህር፥ አሁን የኦሎምፒያስን በጎ ሥራ ከሕፃንነትዋ ጀምሮ እየዘረዘረ ይጽፍላታል። ትዕግሥትዋን፥ ለድኆች ያላትን ርኅራኄ፥ የለበሰችውን ተራ ልብስ፥ የተቀበለችውን ስድብ ሁሉ ቈጥሮ፥ የሚጠብቃትን ዋጋ እያሰበች እንድትደሰት ይመክራታል።

ታዲያ መምህሩ ቃሉን ለወጠን? አልለወጠም። ባለ መድኃኒት አንዱን ሥር ለሁሉ ሕመም አይሰጥም። ለታበየ ሰው የበጎ ሥራው ትዝታ መርዝ ነው፤ ተስፋ ለመቍረጥ ለቀረበ ሰው ግን መድኃኒት ይሆነዋል። ኃጢአትን ማሰብም እንዲሁ ነው፤ የደነደነውን ልብ ያለዝባል፥ የተሰበረውን ግን ያለ ምሕረት ትዝታ ቢጫንበት ይደቀዋል። ስለዚህ ምን ልርሳ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ምን ያመኛል ብሎ ይጠይቅ።

ዮሐንስ ይህን ምክር በራሱ ላይም ፈጽሞታል። በአንድ መልእክቱ ውስጥ በክረምቱ ወራት የደረሰበትን ሳይሸሽግ ይተርካል። ሁለት ወር ከሞት ባልተሻለ ኑሮ እንደ ቈየ፥ ትውከትና ራስ ምታት እንዳሠቃየው፥ እሳት ለኵሶ በብዙ ልብስ ተጠቅልሎ በጢስ ውስጥ እንደ ተኛ ይናገራል። ይህን የሚጽፈው ግን በጋው ገብቶ ከተሻለው በኋላ ነው፤ መልእክተኞቹም ከማዕበሉ ወጥቶ ወደብ ከደረሰ በኋላ ስለ መጡ ደስ ይለዋል። ከወደብ ሆኖ የሚታይ ማዕበል ያው ማዕበል ነው፤ ነገር ግን ከእንግዲህ አያሰጥምም።

ደግሞም በመከራው መካከል ደግ ያደረጉለትን ሰዎች በየስማቸው ያነሣል። ዲዮስቆሮስ የሚባል ሰው ገና ዮሐንስ በመንገድ ሳለ መልእክተኛ ልኮ ለመነው፤ ሲደርስም የራሱን ቤት ለቀቀለት። ያረጀች ዲያቆናዊት ሳቢንያና የመንገዱን ድካም ታግሣ እርሱ በገባበት ቀን ኩኩሶስ ደረሰች፤ ወደ ሩቅ አገር ቢወስዱትም ልትከተለው ቈርጣ ነበር። የከተማዪቱም ኤጲስ ቆጶስ በፍቅር ተቀበለው። በቂሣርያ የደረሰበትን ግፍ በጻፈ ጊዜ ግን፥ ኦሎምፒያስ ነገሩን ለሌላ ሳትገልጥ ለራስዋ እንድትይዘው አሳሰባት። እነሆ ልዩነቱን እንመልከት፤ በደሉን አልካደውም፥ ለወሬ ግን አልሰጠውም፤ ቸርነቱን ግን በሰፊው ጻፈው። በዚሁ በስደቱ ዘመን፥ ራሱን ካልጐዳ በቀር ሰውን ማንም ሊጐዳው እንደማይችል የሚያስረዳ ድርሳን ጽፎአል።

፮፤ ዕረፍቱና መመለሱ

ጠላቶቹ ከስደት ሆኖ እንኳ ብዙዎችን ማጽናናቱን ባዩ ጊዜ፥ በ407 ዓ.ም. ከጥቍር ባሕር ዳር ወዳለችው ወደ ፒጥዮስ እንዲወሰድ አዘዙ። ወታደሮቹ በፀሐይና በዝናም ያለ ዕረፍት አስኬዱት። በጳንጦስ ኮማና አጠገብ በሰማዕቱ በባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን አደሩ። በማግሥቱ ጥቂት ከሄዱ በኋላ እጅግ ስለ ደከመ ወደዚያው መለሱት። ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የነበረውን ልብስ በዚያ ለነበሩት አካፈለ፤ ቅዱስ ቍርባን ተቀበለ፤ ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖም መስከረም 14 ቀን ዐረፈ። ስለ ሁሉ ነገር ማመስገኑ ክፉውንና ደጉን ለይቶ አንዱን በመጣል አልነበረም፤ የአንጾኪያን መንበርና የኩኩሶስን ጢስ፥ የወዳጆቹን እንባና የጠላቶቹን ፍርድ በአንድ ምስጋና ጠቀለላቸው። ለአንጾኪያ ሕዝብ ያስተማረውን ትምህርት ራሱ እስከ መጨረሻው ፈጸመው።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ፥ በጥር 438 ዓ.ም.፥ ዐፅሙ ወደ ቍስጥንጥንያ ተመለሰ። በዙፋን ላይ የነበረው የአውዶክስያ ልጅ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ነበረ። ፊቱን በሣጥኑ ላይ አድርጎ፥ ስለ ወላጆቹ በደል ይቅርታ ለመነ። ልጅ የወላጆቹን በደል ያስታወሰው ሊያድሰው ሳይሆን ሊፈታው ነበረ። ይህም በጎ ትዝታ ነው።

፯፤ ከዚህ ሕይወት የምንማረው

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን አባት በግንቦት 12 ቀን ታስበዋለች፤ በስሙ የሚጠራው ቅዳሴም ከአሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ ነው። ድርሳኑም በግእዝ ተተርጕሞ በሊቃውንቱ ዘንድ ይተረጐማል። ቅዳሴው ራሱ ለጥያቄአችን መልስ ይሰጠናል። በቅዳሴ ጊዜ መከራውንና ሞቱን ብቻ አንዘክርም፤ ትንሣኤውንም ብቻ አንዘክርም፤ ሁለቱን በአንድነት እንዘክራለን። የምእመን ትዝታም በዚሁ ሥርዓት ሊመራ ይገባዋል።

ስለዚህ ተወዳጆች ሆይ፥ ክፉውን ቀን ከልባችን ለመፋቅ በመታገል አንድከም፤ የማይፋቅ ነውና። ይልቁንም ብቻውን አንተወው። በታመምንበት ወራት ውኃ ያቀበለን ማን ነበረ? በተሰደድን ጊዜ ደጁን የከፈተልን ማን ነው? ክፉው ሲታወሰን ይህንም አብረን እናንሣ። የበደለንን ሰው ስም በተራ ጨዋታ ከማንሣት እንቈጠብ፤ የረዳንን ግን በልጆቻችን ፊት በስሙ እንጥራው። ወንድማችን በኀዘን ተውጦ ብናገኘው፥ እርሳው ብለን አንለፈው፤ እርሱ በሐዘን የረሳውን የገዛ በጎነቱን እኛ እናስታውሰው። ኦሎምፒያስን ከሐዘን ሊያወጣት የተጋው ወዳጅዋ ያደረገው ይህን ነበረና።

ደስታ ክፉ ነገር ያልደረሰበት ሰው ድርሻ ቢሆን ኖሮ፥ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ከሰው ሁሉ ይልቅ ያዘነ በሆነ ነበር። እርሱ ግን እያመሰገነ ዐለፈ። ያለፈውን ሁሉ በምስጋና እናስብ ዘንድ የአምላካችን ቸርነት፥ የቅዱስ ዮሐንስም ጸሎት ይርዳን። አሜን።